አዝማሪው ቢያዝን የተቀበለው ግጥም

እኔን ሰካራም አያስጠላኝም። ጠጅ ሻጭ ነኝ፣ ስካሩ እንጀራዬ ነው። የሚያንገሸግሸኝ ማታ አቅፎ ስሞ ሲነጋ የሚጸየፍ ሰው ነው። አያ ቢያዝንን እንዲያ ሲያደርጉት ስንት ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ። ታሪኩን ሌላ ሰው አሳምሮ ሳያበላሸው እኔ ሐረገወይን ልንገራችሁ።

ቢያዝን የኮሶዬ ሰው ነው። አባቱም አያቱም አዝማሪ ነበሩ፤ ሌላው ሞፈር ቀንበር ሲወርስ እሱ ማሲንቆ ወረሰ። ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ በተመለሱ ሰሞን ሚስቱ ሞተችበትና ሕፃን ልጁን አበቡን አዝሎ ጎንደር ገባ። እኔ ያን ጊዜ ከቅዳሜ ገበያ በላይ ጠጅ ቤት ከፍቼ ነበር፣ ጥግ ሰጠሁት። ድምፁ ሸጋ ነበር። እሱ ሲያንጎራጉር ብርሌ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ይቀራል። ለሰርግ ከደባርቅም ከመካነ ብርሃንም በቅሎ እየላኩ ይወስዱታል። ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ ዳሱን ሲያስጨፍር አምሽቶ ማዕድ ሲቀርብ ድርሻውን ለብቻው ከደጅ ይሰጡታል። «አዝማሪ አይደል» ይላሉ፣ የጎረሱበትን አፍ በጋቢያቸው እየጠረጉ።

የአዝማሪ ሕግ ደግሞ አለ። ጠጪው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠ፣ አዝማሪው ያንኑ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ በዜማ ይመልሳል። ሙገሳም ይሁን ስድብ አይመርጥም። ቢያዝን አንድ ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። «የሰው ቃል ነው፣ በእኔ ላይ አልፎ ይሄዳል» ይለኝ ነበር።

ከጠጪዎቼ ሁሉ የሚብሰው ዳኛው የሚባል የአዘዞ ባለመሬት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሞቅ ሲለው የቢያዝንን አንገት አቅፎ «ወንድሜ» እያለ ያለቅሳል። ንፍጡ ሳይቀር ትከሻው ላይ ይቀራል። እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ የሻው አበቡን ወደዳት። እሷም አድጋ ከእኔ ጋር ጠጅ ትቀዳ ነበር፤ ወደደችው። የሻው ሽማግሌ እልካለሁ ቢል ቢያዝን በደስታ የሚሆነውን አጣ። «ልጄ እንኳ ከመሶብ ትቅረብ። ዳኛው ወንድሜ ይለኝ የለ፣ እምቢ አይለኝም» አለኝ።

ዳኛው ሽማግሌ እስኪላክ አልጠበቀም። ቅዳሜ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። የሻው ከአባቱ ጎን ተቀምጧል፣ አበቡ ትቀዳለች። ዳኛው ብርሌውን አነሣና «ተቀበል ቢያዝን» አለ።

«ማሲንቆ አይጠመድ ከእርሻ በሬ ጋራ፣
ያዝማሪም ልጅ አትደርስ ከጨዋ ልጅ ተራ።»

አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። የሻው አንገቱን ደፋ። ወንድ ነኝ ይላል ደግሞ! «ምነው ዝም አልህ፣ ተቀበል እንጂ» እያሉ ቢያዝንን አዋከቡት።

ልጁን አያት። ከዚያ ተቀበለ። አንዲት ቃል አልቀነሰም፣ እንደዚያ ቀን አምሮ ሲዘፍንም ሰምቼው አላውቅም። በእሱም አንጀቴ አረረ። ዳኛው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈለት። አበቡ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ ግጥሙን ገበያው ሁሉ ይለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቢያዝን ማሲንቆውን ይመታል እንጂ አይዘፍንም። ቡዳ በላው አሉ። ማን እንደበላው እኔ አጥቼው ነው? በዚያው ዓመት ዳኛው የሻውን ለሌላ ሲድር፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቢያዝን ሰርጉን ያድምቅልኝ ብሎ ላከ። በመልእክተኛው ላይ የብርሌ እጣቢ ደፋሁበት፣ አልጸጸትም።

እየዋለ እያደረ ጠጪው ዘፈን የሌለበትን ማሲንቆ ሰለቸና መቅረት ጀመረ። ይህን ያየች አበቡ አንድ ቀን ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ዘፈነች። ድምፁን ወርሳለች። «ከሰው አልቀበልም፣ የራሴ ግጥም አለኝ» ብላ ገና ሲጀመር ቁርጡን ነገረቻቸው። አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት።

ዳኛውም ወሬውን ሰምቶ መጣ። ምንም እንዳልሠራ ሰው የድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ጠጣ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብርሌውን አነሣና «ተቀበይ፣ የወንድሜ ልጅ» አላት።

አበቡ ዘፈኗን አቆመች። «አያ ዳኛው፣ ከእርስዎ አባቴ የተቀበለው ይበቃናል» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ቢያዝን ቀና አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማሲንቆውን አስተካከለ። የልጁን ቃል ተቀበለ። ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ዳኛውን እያየ፣ በዜማ መለሰው። ደግሞ ደገመው።

ዳኛው ተነሥቶ ወጣ። ብርሌውን ግን ጨርሶ ነው የወጣ።