የጋሽ ሰቦቃ ድንኳን

ጋሽ ሰቦቃ የእድሩን ድንኳን የሚተክሉት ሰው ናቸው። ሰሚት ያለው እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከበቀለበት ወዲህ የቀረቻቸው ማዕረግ ይቺው ናት፤ ማዕረግ ናት ስላችሁ! ሰው ሲሞት ድንኳን ወጣሪው፣ አግዳሚ ደርዳሪው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «የኔ ድንኳን ወድቆ አያውቅም» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጎረቤታቸው ጋሽ ጉቱ ያረፉት በግንቦት ነው። ሜዳውን ሁሉ ሕንፃ ስለበላው ድንኳኑ የተተከለው መንገድ ላይ፣ በአንድ ጅምር ፎቅ የቆርቆሮ አጥር ሥር ነበር። በቀብሩ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ፣ የሟች ልጅ ፌናን ከቤት ወጥታ ጠጋ አለቻቸው።

«ጋሼ፣ ሬዲዮው ከባድ ነፋስና መብረቅ እየመጣ ነው እያለ ነው። ከድንኳንና ከቆርቆሮ ራቁ፣ ግንብ ቤት ግቡ ብሏል። ሰዉን ወደ ቤት እናስገባው?»

በየረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ጋሽ ሰቦቃ አይተውታል።

«ሬዲዮ ድንኳን ተክሎ ያውቃል?» አሏት። «ሠልስት ሳይወጣ ድንኳን ባዶ ከቀረ ሌላ ሬሳ ይጠራል። ቁጭ በሉ! ማንም እንዳይነሳ!»

እውነቱን እንነጋገርና፣ ያስፈራቸው ሬሳው አልነበረም። ነገ ሰፈሩ «ሰቦቃ ድንኳኑን አላመነውም» እንዳይል ነው። ሰዉም ለቅሶ ቤት ከእድር ሰው ጋር አይሟገትም፤ የተነሱት ተመልሰው ተቀመጡ። ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት የወሎዋ ሴት፣ ወይዘሮ ፈሂማ፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው ከመሃሉ ምሰሶ ሥር ቁጭ አሉ። ቦታውን ያመለከቷቸው ራሳቸው ጋሽ ሰቦቃ ነበሩ።

ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ የአጥሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ፣ ከዚያ ድንኳኑ ተነፋና ካስማውን ነቀለ። ጋሽ ሰቦቃስ? እግሬ አውጪኝ! አግዳሚ ዘለው፣ አንድ ሽማግሌ ገፍትረው፣ ከሁሉም ቀድመው የሟች ቤት ገቡ። ዞር ሲሉ ምሰሶው ወይዘሮ ፈሂማ ላይ ወድቋል። ጎትታ ያወጣቻቸው ፌናን ናት፤ አባቷን ትናንት የቀበረችው ልጅ!

የሴትዮዋ ክንድ ተሰበረ።

ሠልስቱ ዕለት ጋሽ ሰቦቃ ከቤት አልወጡም። ምነው አንድ ሰው እንኳ በሰደባቸው! ሰፈሩ ግን ዝም አለ። ያን ሩጫ ባስታወሱ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመኛሉ። ከሰው ላለመገናኘት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ይሄዱ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ወይዘሮ ፈሂማ ናቸው፤ ጀሶ የታሰረ ክንዳቸው ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል፣ በደህናው እጃቸው በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ ይዘዋል።

«ምነው ጠፉ ጋሼ? ታመው ነው ብዬ ልጠይቅዎ መጣሁ።»

ጋሽ ሰቦቃ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላቸው።

«ያን ዕለት ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አሉ ወይዘሮ ፈሂማ። «ሲሮጡ ሳይዎት ግን፣ እፎይ፣ ሰው ሊጠሩልን ነው ብዬ ተጽናናሁ። ሊጠሩልን ነበር አይደል?»

«አይደለም» የምትለው ቃል ምላሳቸው ላይ ደርሳ ነበር። ዋጧት።

«አዎ» አሉ። «ሰው ልጠራ ነበር።»

«እኔስ አውቄው ነበር! አላህ ይስጥልኝ» አሉና በርበሬውን አስጨብጠዋቸው ሄዱ።

ጋሽ ሰቦቃ ቋጠሮውን ታቅፈው በራፉ ላይ ቀሩ። ስማቸው ተርፏል። ቀና ብለው ሴትዮዋን መሸኘት ግን አልቻሉም።