ሽንሽኑ የሜጋ ቲማቲም

ዘርፌ ትምህርቷን ያቋረጠችው ደርግ በወደቀ ዓመት፣ ወታደሩ አባቷ እንደወጣ በቀረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጌሌ ውስጥ የሚያኖራት ጓሮዋ ብቻ ነበር፤ እሱም ከዳት። ከሱቅ የምትገዛው የቲማቲም ዘር ሲበቅል ያምራል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ይጠወልጋል። አምና ደረቀባት፣ ዘንድሮም ደረቀባት። ያኔ የሟች እናቷ የበዛብሽ ቲማቲም ትዝ አላት፤ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነ፣ ድርቅ የማይደፍረው። በዛብሽ የሱቁን ዘር የለመደች ጊዜ ያንን የድሮውን ከነሥሩ ነቅላ ጥላው ነበር።

ዘርፌ ገበያውን ሁሉ ጠየቀች። በሞያሌ መስመር መኪና የሚነዳው ሚክዳድ፣ እንዲህ ያለውን ሜጋ ከተማ፣ ጠጂቱ የምትባል ሴት ግቢ አይቻለሁ አላት። ዘርፌ ወዲያው አወቀቻት። ድሮ ቤታቸው ሠራተኛ ነበረች፤ አንድ ቀን ሳትሰናበት የጠፋች።

ዘር ለጠየቀ አይከለከልምና መኪና ቀያይራ ሄደች። በልጅነቷ «አንቺ» ትላት የነበረችውን «እትዬ ጠጂቱ፣ እንደምን ነዎት?» አለቻት።

«ናጋ፣ ናጋ፤ ሰላም ነው። የበዛብሽ ልጅ ነሽ? አረጀሽ እኮ» ብላ ሳቀች ጠጂቱ። አበላቻት፣ አሳደረቻት፤ ጠዋት ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻት።

ዘርፌ ዘራችው። ከምትጠጣው ውሃ ቀንሳ አጠጣችው። አንዲት ፍሬ እንኳ አፈር አልፈነቀለችም። ብትቆፍር ፍሬው በስብሷል።

ሜጋ ተመልሳ ሄደች። ጠጂቱ አልካደችም።

«ቀቅዬ ነው የሰጠሁሽ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር። «ዘር መከልከል ነውር ነው። ይበቅልልሻል ግን አላልኩም።»

«ምን በደልኩዎት፣ እትዬ?»

«አንቺ ምንም። እናትሽ ግን አንድም ቀን ደመወዝ ሰጥታኝ አታውቅም። ከቤቷ ስወጣ ይቺን ዘር ይዤ ወጣሁ። አሁን ደመወዜን መልሺ ነው የምትዪኝ?»

ዘርፌ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ጠጂቱ ደግፋ አነሳቻት፣ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት። ከዚያ አንድ የበሰለ ሽንሽን ቲማቲም ቀጥፋ መጣች። ሰነጠቀችውና ውስጡን በቢላዋ ጫፍ ፍቃ ከነዘሩ ምድጃው ፍም ላይ ጣለችው። የቀረውን ጨው ነስንሳ አቀረበችላት።

«ብዪ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሆድሽ ባዶ ነው።»

ዘርፌ በላች። ጠጂቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ የመጨረሻውን ቁራጭ እስክትውጥ ድረስ አፏን አፏን ታያት ነበር።