ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች

እህቴ ሆላንድ ውስጥ ቤት ለመግዛት ስትወስን መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነበር። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሶላር የምተክልበትና ባትሪ የምጠግንበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ስለሆነ የምትደውለው ወደ ሱቁ ነው። እንዴት እንደሄደች እዚህ አላነሳም። አሁን በየቤቱ እየዞረች አዛውንቶችን ትንከባከባለች። ሻጩ ተስማምቷል፣ ባንኩም ፈቅዶላታል፤ ፊርማው ለዓርብ ተቀጥሯል።

«እማ ካልመረቀችኝ ግን አልፈርምም» አለችኝ። «ቤት ገዛሁ ማለት አልመለስም ማለት እንደሆነ ይገባታል። ቀስ ብለህ ንገራት።»

ቀስ ብሎ መናገር አልችልበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን አሳይኝ አልኳት። ከከተማው ዳር ባለ ጸጥተኛ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። በስልኳ እያዞረች አሳየችኝ። መስኮቶቹ ሦስት ድርብ መስታወት አላቸው። የጋዝ ቱቦ የለም። ቤቱን የሚያሞቀው መሣሪያ ሙቀቱን የሚወስደው ከውጭው ብርድ አየር ነው፤ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ጣራው ውስጥ የተደበቀ ሌላ መሣሪያ ደግሞ የታፈነውን አየር ያስወጣና ንጹሑን ያስገባል። ከሕንፃው አናት ላይ ሶላር ተደርድሯል። እኛ ፀሐይ ከአናታችን ስለምትሆን ፓኔሉን አጋድመን ነው የምንተክለው፤ የእነሱ ቀና ብሏል።

«ወዴት ነው የዞረው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«የጥላሽን አቅጣጫ እይና ንገሪኝ።»

«የምን ጥላ? ፀሐይ ካየን ሰነበትን እኮ!»

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ እዚሁ የቀረች ሴት ናት። ግቢው ውስጥ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ከጎረቤታችን ከሐጃዋ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሐጃዋ ሱዳናዊት ናት፤ ከእናቴ ጋር ብዙ ዓመት ከመጎራበቷ የተነሳ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ዓረብኛ ትቀላቅልበታለች። ለእህቴ ደውዬ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ቤቱን አንድ በአንድ አየችው።

«እሳቱ የት ነው የሚነደው?»

«እሳት የለም እማ። በመብራት ነው የሚበስለው።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«አይሄድም።»

እናቴ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። የእኛ መብራት ከሄደ ሰንብቷል። አይሄድም አልኳት።

«በይ እሺ። ግድግዳ የሚጋራሽ ስንት ሰው ነው?»

«በግራ አንድ አለ። ከላይ አሉ፣ ከታችም አለች።»

«ከላይም ጎረቤት አለ? ጠይቀሻቸዋል?»

«ምኑን?»

«ሹፍዓውን ነዋ!»

እናቴ ይህን የምትልበት ምክንያት አላት። እኔ ሳልወለድ እሷና አባቴ እዚሁ ሰፈር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ገዝተው፣ ዕቃቸውን አስገብተው ነበር። ከኋላ በኩል ግድግዳ የሚጋራቸው ሰውዬ ሽማግሌዎች ይዞ መጣና «ሹፍዓው የእኔ ነው» አለ። ሹፍዓ ማለት ቤት ሲሸጥ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት በዚያው ዋጋ ቀድሞ የመግዛት መብት ነው። የከፈሉትን ሳያጎድል መለሰላቸው። ያታለላቸው ሰው የለም፤ ቤቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ የኖርነው በኪራይ ነው። ነገሩን የሰሙ ያገራችን ሰዎች ቤት ሲገዙ አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጎረቤቶቹ ሆነ። ስኳር ይዘው ይገባሉ፣ «ቤቱን ትፈልጉታላችሁ ወይስ እኔ ልውሰደው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ «ውሰደው» የሚለውን ቃል በጆሯቸው ሰምተው ይወጣሉ።

«እማ፣ እዚህ አገር ሹፍዓ የሚባል ነገር የለም» አለች እህቴ።

«እኛም የለም ብለን ነበር።»

«ስኳር ይዤ የፈረንጅ በር ላንኳኳ? ፖሊስ ይጠሩብኛል!»

ሐጃዋ ከጎን ገባች። «ይምጣ ፖሊሱ! ስኳሩ አለ፣ ሻይ ታጠጪዋለሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

«ሐጃ፣ እባክሽ አንቺ እንኳን አታባብሺብኝ።»

«ሳትጠይቂ ብትፈርሚ» አለች እናቴ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «እኔ አፌን አልከፍትልሽም።»

በማግሥቱ እህቴ በየበሩ ሄደች። የሆነውን የነገረችን በነጋታው ደውላ ነው። ከላይ ያሉት ገና ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ስለ ውሻቸው ጩኸት ልትከስ የመጣች መስሏቸው ገና አፏን ሳትከፍት ይቅርታ ጠየቋት። ቤቱን ትፈልጉታላችሁ ወይ ስትላቸው እርስ በርስ ተያዩና «እኛ እኮ ቤት አለን» አሏት። ከታች ያለችው ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። ስኳሩን ተቀብላ ለምን እንደመጣላት ጠየቀች። እህቴ «እናቴ ናት ያዘዘችኝ» ብላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። አሮጊቷም ያ ቤት ከአናቷ ላይ ሲሸጥ ሲለወጥ ኖሮ አንድም ሰው ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረቻት።

«በመጨረሻ ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ውሰጂው፣ ግን ወንበር አትጎትቺብኝ።»

«እውነቷን ነው። እሷስ ጎረቤት ናት። የግራውስ?»

«አልከፈተም።»

«የለም?»

«አለ። ቴሌቪዥኑ ሲበራ በመስኮት ይታያል። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አልከፈተም።»

«ቤቱ ተቀምጦ በር አይከፍትም?» እናቴ ወደ ሐጃዋ ዞረች። ለእንዲህ ያለ ሰው ደንቡ ምን እንደሚል የምታውቀው ሐጃዋ ናት።

«ወላሂ ቀላል ነው» አለች ሐጃዋ። «ቤቱ መሸጡን ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ሹፍዓው ወደቀ። ዋናው መስማቱ ነው።»

«ሰማሽ?» አለች እናቴ በስልኩ። «ሂጅና ንገሪው።»

«በተዘጋ በር?»

«በተዘጋ በር። እኔም ልስማ፤ ስልኩን እንዳትዘጊ።»

ሐሙስ ነበር። እህቴ አንገራገረች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ፣ ስልኩን ሳትዘጋ እስከ ሕንፃው ሄደች። ሦስታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን። ረጅም በረንዳ፣ አንድ ዓይነት በሮች፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ብስክሌት ታየ። ወዲያና ወዲህ ገልመጥ ብላ አረንጓዴ በር ፊት ቆመችና በእነሱ ቋንቋ ጮክ ብላ ተናገረች። አልገባንም፤ ግን አጭር አልነበረም። ስትጨርስ ምንም አልተሰማም። የመኪና ድምፅ የለ፣ የልጅ ድምፅ የለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ነካሁት፤ አልተቋረጠም።

«ምን አልሽው?» አለች እናቴ።

«ቀጥሎ ያለውን ቤት ነገ ልገዛው ነው፣ የምትፈልገው ከሆነ አሁን ተናገር፣ ስለረበሽኩህ ይቅርታ አልኩት።»

«ሰማ?»

«ሰማ እማ።»

«አይሰማም» አልኩ። «መስታወቱ ሦስት ድርብ ነው ብለሽኝ የለም? በሩም ዳር ዳሩን ጎማ አለው፣ ድምፅ አያሳልፍም። ቴሌቪዥን ከፍቶማ ጭራሽ አይሰማም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ! ኧረ ይሄን ልጅ ከዚያ አንሱልኝ! በረንዳ ላይ እንደ እብድ ስጮህ ዋልኩላችሁ፣ እሱ ጎማ ይቆጥራል!»

ሐጃዋ ጎኗን ይዛ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ ያለውን አረንጓዴ በር ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ሰምቷል» አለች።

«እማ፣ ሊሰማ እኮ አይችል...»

«ሰምቷል አልኩህ። ዝም በል።»

ብድግ አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። ሐጃዋም መሳቋን ትታ አብራ ተነሳች። እህቴ በረንዳው ላይ እንደቆመች ስልኩን ከፊቷ አራቀችና አንገቷን ደፋች።

«እጅሽ የነካው ይባረክ» አለች እናቴ። «ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ከጎረቤትሽ ያስማማሽ። ሰው የማይጠፋበት ቤት ያድርግልሽ። የምትወልጃቸውን እዚያው አሳድገሽ፣ እዚያው ዳሪ።»

«አሜን» አለች እህቴ። «አሜን» አለች ሐጃዋም።

እህቴ ቀና አላለችም፤ የቀረውን እየጠበቀች ነበር። እናቴ እሷን በስልክ ስትመርቅ ሁልጊዜ የምትጨርሰው «ለአገርሽ ያብቃሽ» ብላ ነው፤ ሌላው ቢቀር ይህን ትታ አታውቅም።

«እማ፣ አልጨረስሽም» አለች እህቴ።

«ጨርሻለሁ ልጄ። ነገ ሂጅና ፈርሚ።»