በፈተና መሐል የሚጸለይ ጸሎት

የሒሳብ መምህሩን ተማሪዎቹ «እንጸልይ» ይሉታል። ስም አውጪ አይጥፋ! ክፍል ሲገባ እንጸልይ፣ ጠመኔ ሲያነሳ እንጸልይ፤ ቀመሩ መሐል ላይ ሲጠፋበት ደግሞ፣ እሱማ ዋናው ነው፣ እጁን አራግፎ እንጸልይ። ከጸሎቱ በኋላ ወደ ቀመሩ ተመልሶ አያውቅም። ልጆቹ አልገባንም ሲሉት፣ ማስተዋል ከላይ እንደሚሰጥና እሱ አስተላላፊ ብቻ እንደሆነ ይነግራቸዋል። የሚያስተላልፈው ምን እንደሆነ የጠየቀ ልጅ ግን ደወል እስኪደወል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል።

ክፉ ሰው ነው ብንል እንዋሻለን። ተማሪ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጸልይለታል፣ ሰው አያማም፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሁሌ እስከ አንገቱ ነው። ችግሩ ትሕትናው ነው፤ ስለ ትሕትናው ሳያወራ አይውልም።

ትልቁ ግኝቱ በፈተና መሐል የሚጸለየው ጸሎት ነው። ፈተናው ሲጋመስ እርሳስ አስቀምጡ፣ ዓይን ይጨፈን ይላል። ራሱ ቀድሞ ይጨፍንና ክንዱን ዘርግቶ እየተንጎራደደ ስለ ጥበብ፣ ስለ ማስተዋል፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ሳይቀር ይለምናል። ክፍሉም ጸጥ ይላል። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰላችሁ! ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድሟ ሒሳብ የሚያስጠናት የአንድ አናጢ ልጅ፣ «ካልኩሌተሯ» የሚሏት፣ ከፊት ወንበር ወረቀቷን ወደ ኋላ ትሰዳለች፤ ወረቀቱ ክፍሉን ዞሮ አሜን ከመባሉ በፊት እጇ ይገባል። ውጤት ሲወጣ ዘጠና በዘጠና ነው። አጅሬም ደረቱን ነፍቶ መምህራን ማረፊያ ይገባና፣ እነሱ ስሌት ሲያስተምሩ እሱ መንፈስ እንደሚያስተምር ያስረዳቸዋል። ርዕሰ መምህርቷ ውጤት የምትወድ ሴት ናትና ምክትሏ ልታደርገው ቆርጣለች። የዓመቱ የመጨረሻ ፈተና እንዳለቀ ለመምህራኑ ልትነግር ቀጠሮ ይዛለች።

በዚህ ሁሉ በረከት ላይ አንዲት ጉድፍ አለች፤ የገዛ ልጁ። እዚያው ክፍል ትማራለች፣ ከሠላሳ ስምንት አልፋ አታውቅም። ይህን ፈተና ካላለፈች ክፍሉን ትደግማለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ልጅቷን ቁጭ ብለህ ብታስረዳት ምን አለበት አለችው። መምህር ለልጁ አያዳላም ብሎ መለሰላት። ጭራሽ በማግስቱ ልጅቷን ክፍል ፊት አቁሞ እምነቷ የላላ መሆኑን ተናገረና ጓደኞቿ እንዲጸልዩላት አዘዘ። እንግዲህ ዘጠና አምስት የቀዱ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ለሠላሳ ስምንቷ ምሕረት ለመኑ። አንጀታቸውን በላችውና አንዳንዶቹ ያን ቀን ከልባቸው ጸለዩ። እሷ ቤት ገብታ እህል አልቀምስም ብላ ተኛች።

የመጨረሻው ፈተና ደረሰ፣ ተጋመሰም። እንደ ልማዱ እርሳስ አስቀምጡ፣ ዓይን ይጨፈን ተባለ። ዛሬ ግን አንድ ነገር በልቡ ቋጥሯል። ይህን ሁሉ ልጅ ያሳለፈ ጸሎት እሷን ብቻ የጣላት፣ ዓይኗን እየገለጠች በመስኮት ስለምታይ ነው ብሎ ደምድሟል፤ እጅ ከፍንጅ ሊይዛት ነው። የሒሳብ መምህር አይደል፣ ሳይሠራው መልሱን ያውቀዋል። ስለ ማስተዋል እየለመነ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

አበስኩ ገበርኩ! ክፍሉ ሁሉ ዓይን ብቻ ነው። አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ለጎረቤቱ ያሳያል፣ የካልኩሌተሯ ወረቀት መጨረሻው ረድፍ ደርሷል። በዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ልጅ ብቻ እርሳሷን አስቀምጣ፣ ጣቶቿን አቆላልፋ፣ ዓይኗን ግጥም አድርጋ ጨፍናለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

አፉ ለምዶበታልና ጸሎቱን ቀጠለ። ሠላሳ ስምንት የልጁ ውጤት አልነበረም፣ የራሱ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የእሱን ትምህርት ብቻ ተምራ የምትፈተን ይህችው አንድ ልጅ ናት። አፈረ፤ ልጁም አሳዘነችው። አሁን በቃ ብሎ ወረቀቱን ቢሰበስብና ሁሉንም ከሥር አስተምሮ እንደገና ቢፈትን ልጁ ትድናለች፣ ምክትልነቱ ግን ወፍ የለም። ዝም ቢል ምክትል ይሆናል፣ ልጁም ክፍል ትደግማለች። እሱ ደግሞ ሁለቱንም ፈለገ። አጅሬ መላ መቼ ይጠፋዋል!

እየጸለየ መንጎራደድ ልማዱ ስለሆነ ሲራመድ ማንም አልደነገጠም። ልጁ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለና በልመናው መሐል በጆሮዋ፣ «ዓይንሽን ግለጪ የኔ ልጅ፣ ጎንሽ ያለውን ወረቀት እዪ» አላት።

ልጅቷ እምነቷን ሊፈትን የመጣ መሰላትና ዓይኗን የባሰ ጨፈነች። ድምፅ ዝቅ ማድረግም አታውቅበትም፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማት።

«አሜን ሳትል የጎኔን ወረቀት ልይ፣ አባዬ?»