ከሦስተኛው ማሽን ላይ የለቀምኳት ፖስታ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቃልኪዳን "ስልክሽ አርጅቷል፣ ላድስልሽ" ብላ ወሰደችብኝ። ስትመልስልኝ ኢንተርኔት የምከፍትበት ብራውዘር ፊቱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ከላይ የነበረው አድራሻ መጻፊያ ወርዶ ከግርጌ ተቀምጧል። መዝሙር የምከፍትባት ትንሽዬ ምልክት ደግሞ ከቦታዋ የለችም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ራቅ አልኩ።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ ልጄ።

"አጠፋሁት።"

"አንቺ ምን ነክተሽ ታጠፊያለሽ? ምንም አልጠፋም እኮ! ቦታውን ነው የቀየረው።"

እየሳቀች ምልክቷን ከታች አውጥታ አሳየችኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ቃልኪዳን በሚመጣው ሳምንት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፤ ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ተዘጋጅቷል። ጎረቤቶቼ "ጅማ ናት እንጂ ባሕር ማዶ አይደለችም፣ ምነው እንዲህ ፈራሽ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንዲት ምልክት ከቦታዋ በመነሳቷ ሰው ሲጠፋ አይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያኔ የምንኖረው ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ ነበር። አባታችን ሞቶ እናቴ፣ እኔና ታላቅ እህቴ ምህረት ብቻ ቀርተን ነበር። ምህረት ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ሰው ቤት ለመሥራት ቤሩት ሄደች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ዲላ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ለቃሚ ሆኜ ገባሁ።

ለቀማ ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሴቶች በመደዳ እንቀመጣለን። ፊታችን የፈሰሰውን ቡና በጣታችን እየበተንን ጥቁሩን፣ የተበሳውንና የተሰበረውን ለይተን እናወጣለን። አዋራው ጉሮሮ ይገባል። ወገብ ይደርቃል። የሚገርመው ግን ዓይን አንዴ ከለመደ ከሥራ በኋላም አያርፍም። ሰው ትከሻ ላይ ክር ካየሁ ሳላስበው እጄ ሄዶ ያነሳዋል። ከጎኔ የምትቀመጥ አስቴር የምትባል ተጫዋች ሴት ነበረች፤ "አንቺ ልጅ፣ ባል ብታገኚ እንከኑን ስትለቅሚ ስትለቅሚ ትጨርሽዋለሽ!" ትለኝ ነበር። መደዳው ሁሉ በሳቅ ያልቃል።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆጮ በጎመን ቀማምሼ ምህረት የጻፈችልኝን ለማየት ወደ ዲላ እወጣለሁ። በእግሬ ነው። ግራና ቀኙ እንሰትና ቡና ነው፤ ዝናብ ከጣለ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ አይለቅም። ከተማ ስደርስ ጫማዬን ሣር ላይ ጠርጌ፣ ጸጉሬን በሻሽ አስተካክዬ ነበር እነሰናይት ቤት የምገባው።

የሰናይት አባት ከሸዋ መጥተው ዲላ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጡ ነበር። ከሱቃቸው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አምስት ኮምፒውተር አስገብተው ልጃቸው ሰናይት ኢንተርኔት ቤት አደረገቻት። እኔን በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው ማሽን ላይ አስቀምጣኝ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ሳትቆጥረኝ፣ አንድ በአንድ አሳየችኝ።

"ይሄ ረጅሙ ባዶ ቦታ አድራሻ የሚጻፍበት ነው፤ እሱን ተይው። ይቺ ወደ ግራ የምታይ ቀስት ወደ መጣሽበት ትመልስሻለች። ክቧ እንደገና ታመጣልሻለች። ከሥር ያለችው መደዳ ደግሞ የራስሽ ናት፤ የፈለግሽውን ታስቀምጪባታለሽ።"

"የኔ?"

"ያንቺ። ሰው ቤቱን እንደሚያሰናዳ ነው።"

ከዚያ መደዳው ላይ በቀኝ በኩል ያለውን የማውስ ቁልፍ ተጫነችና አንድ ሳጥን ከፈተች። ሳጥኑ ውስጥ ምልክት በምልክት ነው፤ መቀስ አለ፣ ማተሚያ አለ፣ ሌላም አለ። ለእኔ የማይሆኑትን ከላይ እየያዘች ወደ ሳጥኑ ጎተተቻቸው። ያስፈልግሻል ያለችኝን ከሳጥኑ አወጣች። መጨረሻ ላይ ከሥር ባለችው መደዳ መጀመሪያ ላይ የኢሜይሉን ምልክት አኖረችልኝ። ትንሽ ፖስታ ናት። ጎኗ የነበረውን ጽሑፍ ግን ደመሰሰችው።

"ስሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ምን ያደርግልሻል? ሥዕሉ ይበቃሻል" አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም አላስቸገርኩም። ፖስታዋን ስነካት የእህቴ ደብዳቤ ይከፈታል፤ የሚስጥር ቁጥሩን ማሽኑ ራሱ ያስታውሰዋል። ምህረት የምትጽፍልኝ በአማርኛ ነበር፤ ፊደሉ ግን የእንግሊዝኛ ነው። ሰናይት ሁለቱን ፊደል ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታኝ ስለነበር እያመሳከርኩ አነባለሁ። አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። "ብርቱኬ፣ እማ ጥርሷን አስነቀለች ወይስ አሁንም ሐኪሙን ትሰድባለች?" ብላ የጻፈችልኝን እስከ ጪጩ ድረስ መንገዱን በሙሉ እየሳቅኩ እንደሄድኩ አስታውሳለሁ። እናቴ ቆጮዋን ትታ በር ላይ ትጠብቀኝና "ምን አለች? ከመጀመሪያው ንገሪኝ" ትላለች። ቃል ሳላጎድል እነግራታለሁ።

አንድ እሁድ፣ የመጋቢት ዝናብ የጀመረ ሰሞን ይመስለኛል፣ ስሄድ ሰናይት የለችም። ወናጎ ለቅሶ ሄዳ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ሰለሞን ተቀምጧል። ጋሼ ሰለሞን ቁጡ ነው። ግድግዳው ላይ "ሴቲንግ መነካካት በጥብቅ ክልክል ነው" ብሎ የለጠፈው እሱ ነበር። ሦስተኛው ማሽን ላይ ከእኔ በፊት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ሲነሳ ያን የምልክት ሳጥን ክፍቱን ትቶት ሄዷል። መደዳዬንም ሞልቶታል። ከፖስታዬ ጎን የማላውቃቸው አሥር የሚሆኑ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ስሙ የተቆረጠው።

ዓይኔ እንከን አየ። እጄም ሄደ።

ሰናይት ስትሠራ አይቻለሁና ቀላል መሰለኝ። መቀሱን ይዤ ወደ ሳጥኑ ጎተትኩ፤ ሄደ። ማተሚያውን ጎተትኩ፤ ሄደ። ደስ አለኝ። እሑድ ሆኖም ለቀማ ላይ ያለሁ መሰለኝ። ከዚያ ከፖስታዬ ጎን ያለውን ቀዩን ያዝኩ። ለካ ከሥር ያለው መደዳ በዚያ ሳጥን ፊት እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚቆጠረው፤ አንዱን ሲይዙት ሁሉም አብሮ ይነሳል። ቀዩን ስጎትት መደዳው እንዳለ ተከትሎ መጣ፣ ፖስታዬም አብራ። ደንግጬ ለቀቅኩት። ቦታው ባዶ ሆነ።

ጋሼ ሰለሞንን ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ ጋሼ።"

ሳጥኑን እንኳ ሳልዘጋ ተነስቼ ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። ማሽኑን ያበላሸሁት፣ ጣቢያ የሚወስዱኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማለች።

"ምን አለች?"

"ኔትወርክ የለም እማ።"

በዲላ "ኔትወርክ የለም" የሚለውን ማንም አይጠረጥርም። እናቴም "በቃ ለሚቀጥለው" አለች። በሚቀጥለው እሁድ ከቤት ወጥቼ ገበያው ጥግ አናናስ የሚሸጡ ሴቶች ጋ ተቀምጬ ዋልኩ። ከነሰናይት ሱቅ ማዶ ነው፤ ሰናይት በር ላይ ስትወጣ አያታለሁ። ሄጄ "እንዲህ አደረግኩ" ማለት እግሬ እምቢ አለኝ። ማታ "ኔትወርክ የለም" አልኩ። በሦስተኛውም እሁድ እንደዚያው።

በአራተኛው እሁድ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀችኝ።

"እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ይሄ ኔትወርክ የሚሉት ሰውዬ ሦስት ሳምንት የት ሄደ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ከኋላዋ ተከትያት ዲላ ደረስን። ሰናይት ስታየን ተነስታ እናቴን ሳመች፤ ወንበር ጨመረች። ሦስተኛው ማሽን ባዶ ነበር። ተቀምጬ ስከፍተው ፖስታዋ በቦታዋ አለች። መደዳው መጀመሪያ ላይ፣ ብቻዋን፣ ስም የሌላት፣ እንደ ድሮዋ። የማን እጅ እንደመለሳት ወዲያው ገባኝ፤ ሰናይትን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሁለት ደብዳቤ ተቀምጧል። ዓይኔ ስለጨለመ ሰናይት አነበበችልን። የመጀመሪያው መደዳውን ባወጣሁበት እሁድ የመጣ ነው። አሠሪዎቿ ወደ ሌላ አገር ሊዛወሩ ነው፤ እሷንም ይዘናት እንሂድ ይላሉ። "ኮንትራቴ አልቋል፣ ወደ ቤት መምጣትም እችላለሁ። እማን ጠይቂያት። ነይ ካለች እመጣለሁ። ሁለት ሳምንት ነው የሰጡኝ።" ሁለተኛው አጭር ነው። "ዝም አላችሁኝ። እማ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ነገ እንሄዳለን። እዚያ ስደርስ እጽፋለሁ።"

እናቴ ወደ ሰናይት ዞረች።

"ኔትወርክ ጠፍቶ ነበረ አይደል?"

ሰናይት እኔን አየችኝ። ዓይኔን ወደ ማሽኑ መለስኩ።

"አዎ እማማ" አለች ሰናይት። "የኛ ማሽን ተበላሽቶ ነበር። ሰው ልኬ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

እናቴ የጨዋ ልጅ ነበረች፤ ሰው ሰድባ አታውቅም። ያን ቀን ግን "አንቺ እናት ስትሆኚ ይግባሽ" ብላት ወጣች። ከዚያ በኋላ በዚያ ሱቅ በር አልፋ አታውቅም። እኔ "ነይ፣ እማ ነይ ብላለች" ብዬ በአንድ ጣቴ ጻፍኩ። ደግሜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ለአንድ ዓመት ያህል ፖስታዋን በየእሁዱ እየከፈትኩ ዘጋሁ። በሰው ስልክ ብናስደውል የቤሩት ቁጥሯም አይሠራም። ምህረት የት እንደገባች እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናቴ በአምስተኛው ዓመት ስትሞት ዓይኗ በር ላይ ነበር፤ እውነቱን አልነገርኳትም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጄ ነገርኳት። ስታለቅስ ቆይታ "ሰናይት አለች?" አለችኝ። አለች። ኢንተርኔት ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ አሁን እዚያው ክፍል ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። እኔም እንደ እናቴ በማዶ በኩል ነው የማልፈው።

ሰኞ ሄድኩ። ጸጉሯ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጋለች። ብርቱካን መሆኔን አላጣችውም። ሰላምታውን ሳልጨርስ "ሰናይት፣ ያን ጊዜ መደዳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ሳጥኑን ክፍቱን ትተሽው ነበር። በማግስቱ መልሼ አስገባሁልሽ። አልጠፋም እኮ፤ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። በየእሁዱ ትመጫለሽ ብዬ ሦስተኛውን ማሽን ለሰው አልሰጥም ነበር።"

"ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገርሻትም?"

ማሽኗን አጠፋችና ወረቀቶቹን አስተካከለች።

"እናትሽ የቀረቻት አንዲት ልጅ ነበረች" አለችኝ።

ዛሬ ይህን ስጽፍ ቃልኪዳን ከጎኔ ተቀምጣ ስልኬን ታሰናዳለች። እሷን የማገኝባትን ምልክት ፊት ለፊት፣ ከሁሉም በላይ አድርጋልኛለች። "ብትነኪው፣ ብታጠፊው፣ ብትሰብሪው እንኳ ደውዪልኝና ንገሪኝ፤ አልቆጣም" ትለኛለች። እሺ ብያታለሁ። ምልክት ቢነሳ ይመለሳል፤ ይህን ሰናይት ያኔውኑ በማግሥቱ አድርጋው ነበር። እህቴን ያስቀራት እጄ አይደለም። አናናስ ሻጮቹ ጋ ተቀምጬ በማዶ ስመለከት የዋልኩባቸው ሁለት እሁዶች ናቸው።