የሰርግ ተኩስ ይከልከልልን

በንጉሡ ዘመን ነው። እስቴ ውስጥ ሰርግ በደመቀ ቁጥር በደስታ ጥይት ሰው እየሞተ አስቸገረን። የአጥቢያችን ሰዎች "ሰርግ ላይ መተኮስ በሕግ ይከልከልልን ብለህ ለገዥው አመልክት" ብለው እኔን መረጡ። ብቻዬን ገዥው ወደሚቀመጥበት ከተማ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ተነሣሁ።

ጫካው መሀል ስደርስ ከኋላዬ፦

"በንጉሥ አምላክ ቁም!"

በንጉሥ ስም ከተባለ መራመድ የለም፤ ደርቄ ቀረሁ። ቀስ ብዬ ዞር ስል ጠመንጃ ያነገቱ የማላውቃቸው ሽማግሌ ናቸው።

"ተኩስ ይከልከል የምትለው አንተ ነህ?"

"ሰርግ ላይ ብቻ ነው፣ አባቴ! ጠመንጃውንስ ማን ነክቶት!" አልኩ።

ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀዝቃዛው ብረት እጄ ላይ አረፈ።

"እንካ፣ ገዥው ፊት ማስረጃ ትሁንህ" አሉኝ። "ሙሽራዋን ልጄን የገደልኩባት ይቺ ናት።"