የአያ አድማሱ ቀበርቾ

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ምናሉ ደወለልኝ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ነው የሚለው የተሰማኝ። «አንች ምሁር፣ ዲከረንሱ እኮ አለቀለት። በሽታ ገብቶበት ቆሞ ደርቋል። ነይና ምን እንደምንተክል ንገሪን» አለኝ።

ምሁር የሚለኝ ሲያሾፍ ነው። ከተመረቅሁ ስምንት ወር አልፎኛል። የተማርኩት ተፈጥሮ ሀብት ነው፣ የምኖረው ዳንግላ እናቴ ቤት ነው፣ ሥራዬ ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ነው። ሰሌዳ ማንበብ ያደክማል ብል ማንም አያምነኝም። ከቁፋሮ ግን ይብሳል። ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ።

ዲከረንስ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው። የኛ አገር ማሳም ተራራም እሱን ለብሶ ነው የከረመው። ምናሉ ስለ ደረቀው ዛፍ ሲያወራ እኔ የታየኝ ግን ከዛፉ በፊት እዚያ ተዳፋት ላይ የነበረው ቀበርቾ ነው። ያንን ቀበርቾ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ጥምቀት አልፎ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና አብቅቶ ዕረፍት ስንወጣ እናቴ «አያ አድማሱ ጉልበታቸውን አሟቸዋል፣ ሂጂና ቀበርቾውን ቆፍሪላቸው» ብላ ላከችኝ። አያ አድማሱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ የምናሉ አባት። ቤታቸው ከግምጃ ቤት ወጣ ብሎ ነው። ከዳንግላ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ በሌላ ሚኒባስ ግምጃ ቤት፣ ከዚያ በእግር። የዚያን ቀን ረዳቱ አንድ ወንበር ላይ አራት ሰው ካልጠቀጠቅሁ ብሎ ከሴትዮዎች ጋር ሲጨቃጨቅ አንድ ሰዓት ቆመናል። ስደርስ ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ገና ከቤት ስወጣም ተናድጄ ነበር። ጓደኞቼ ዳንግላ ቀርተው እኔ ሥር ልቆፍር!

ቀበርቾን የማያውቅ ካለ፣ ቅጠሉ እሾህ፣ አበባውም እንደ ኳስ የተድበለበለ እሾህ የሆነ ተክል ነው። የሚፈለገው ሥሩ ነው። ራሱን ያመመው፣ ሳል የያዘው ሰው ፍም ላይ አድርጎ ይታጠነዋል። ሽታው ልብስ ላይ ሳምንት ይቆያል። ችግሩ ሥሩን ከወሰድክ ተክሉን ወሰድክ ማለት ነው። አያ አድማሱ ግን ከዚያች ተዳፋት ላይ ከእናቴ ጋብቻ በፊት ጀምሮ ሲቆፍሩ ኖረው ቀበርቾው አላለቀም።

በነጋታው ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው አሳዩኝ። ተዳፋቱን በድንጋይ ሦስት ቦታ ከፍለውታል። በየዓመቱ አንዱ ብቻ ይቆፈራል፣ ሁለቱ ያርፋሉ። እሱም ቢሆን አበባው ደርቆ ዘሩ ሳይበተን አይነካም። ሥሩን በአጭር መቆፈሪያ ከጎን ገባ ብለሽ ታወጫለሽ፣ ታችኛውን ትቆርጫለሽ፣ አናቱን አራት ጣት ያህል ሥር አስቀርተሽ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትመልሻለሽ፣ አፈሩን ትመልሻለሽ፣ በእግርሽ ረገጥ ታደርጊያለሽ።

«ለእያንዳንዱ?» አልኳቸው።

«ለእያንዳንዱ።»

«አያ፣ እንደዚህማ ከሆነ እስከ ሁዳዴ እዚሁ ነኝ።»

ሳቁ። «ሁለት ኬሻ ስትሞይ ትሄጃለሽ። ጦምሽን እናትሽ ቤት ትጦሚያለሽ።»

ነገሩ ሁለት ኬሻ ብቻ አልነበረም። ማታ እራት ላይ ነው የሰማሁት። ምናሉ ያኔ ሁለት ልጅ ነበረው፣ ሦስተኛው በሚስቱ ሆድ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ዲከረንስ ተክሎ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። እሱም ተዳፋቱን ይሰጠኝ ብሎ አባቱን ሽማግሌ ፊት አቁሟቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት እንዲህ ነው፤ ቀበርቾ እስካለበት ድረስ መሬቱ አይነካም፣ ቀበርቾው ያለቀ ቀን የምናሉ ነው። ምናሉ ይህን የነገረኝ አባቱ እየሰሙ ነው፣ ትኩስ ድንች በአዋዜ እየጠቀሰ።

«አባባ እንደሆነ አይጨርሰውም። እኔ ሸብቼ እሱ ገና አናት ይተክላል» አለ።

አያ አድማሱ በአገውኛ ነገር ጣል አደረጉ፤ ከእናቴ ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ ነው፣ ናፍቀዋት ይመስለኛል። አገውኛ እሰማለሁ እንጂ መመለሱ ላይ ሰነፍ ነኝ። «በእኔ ዕድሜ አያልቅም፣ ከዚያ በኋላ የራሱ ጉዳይ» ነው ያሉት።

እንግዲህ ሁሉንም አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም።

የመጀመሪያውን ቀን እንዳሳዩኝ ሠራሁ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ፣ እሾሁ ክንዴን እየጫረው፣ ከኬሻው ሩቡን እንኳ አልሞላሁም። በሁለተኛው ቀን አናቱን መመለስ ትቼ ጉድጓዱን ብቻ መድፈን ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ መድፈኑንም ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አጭሩን መቆፈሪያ ትቼ ከበረት ዶማ አወጣሁ። ዶማ ደስ ይላል። አንዴ ስትመቺው ሥሩ እንዳለ ግንድስ ብሎ ይወጣል። የዚያ ዓመት ክፍል ሲያልቅ ድንጋዩን ተሻግሬ ወደሚያርፈው ገባሁ። እዚያ ያለው ወፍራም ነበር፣ ቶሎ ይሞላል። ከዚያ ሦስተኛውን። በቃ አለቀ። እንዲህ ሳስበው ልቤ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የነበረው አርብ ዳንግላ መግባት ብቻ ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ምክንያት ይሆናል።

ሐሙስ ከሰዓት ሁለቱን ኬሻ አፋቸውን ሰፍቼ ግቢ አስገባሁ። ሦስተኛም ግማሽ ነበረኝ። እንዲያመሰግኑኝ ጠበቅሁ። አያ አድማሱ ኬሻዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዶማውን አዩ። «ፈረሱን ጫኝልኝ» አሉ።

ተዳፋቱ ላይ ስንደርስ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። መሬቱ ከርከሮ የገባበት ነበር የሚመስለው። የጣልኳቸው አናቶች በየቦታው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ይጮሁብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አንዱን አናት አንስተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት፣ ጣሉት። ሌላ አነሱ፣ ጫሩት። «ይህ አለ» አሉ። «ይህን ያዥ።»

እስኪመሽ አብረን ለቀምን። ያልደረቀውን እየለዩ ይሰጡኛል፣ እኔ እተክላለሁ። ስንት እንደተከልን አላውቅም፤ ከጣልኩት ግን ጥቂቱ ነው። አንድም ቀን «ምን ነካሽ?» አላሉኝም። እኔም ይቅርታ አላልኩም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ «ቶሎ ልጨርስልዎት ብዬ ነው» የሚለው ውሸትም አብሮ መጣ፣ ሁለቱም ተጋፍተው አልወጡም።

ልንመለስ ስንል ምናሉ ከታች በሬዎቹን እየነዳ መጣ። ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ።

«አባባ፣ ማነው እንዲህ የጨረሰው?»

አያ አድማሱ ልጓሙን ከእጄ ተቀብለው «እኔ ነኝ ጨርሽው ያልኳት» አሉ።

«ለምን?»

«ደከመኝ።»

ምናሉ በሬዎቹን ጅራፍ እንኳ ሳያጮህ እየነዳ ሄደ። እኔ አርብ ዳንግላ ገባሁ። የተመኘሁት ሁሉ ደረሰልኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ፓስቲ በላን፣ ስቄ ነበር ሁሉ።

በመጋቢት፣ ቀበርቾው አለቀ ተብሎ፣ ምናሉ ተዳፋቱን አረሰው። የተበተነውን ዘርም፣ የተከልናቸውን አናቶችም ማረሻ ገለበጣቸው። በክረምት ዲከረንስ ሆነ። ምናሉም አንዴ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ ቆርቆሮ ቤቱን ሠራ። ለልጆቹ ጫማ ገዛላቸው። እሱን መውቀስ አልችልም። በየበዓሉ ስንገናኝ ግን አባቱን ይጎነትላቸው ነበር። «አባባ ሃምሳ ዓመት ጠብቆ በአራት ቀን አስፈጀው» ይላል፣ ሰው ይስቃል። አያ አድማሱም ፈገግ ይላሉ። እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አረፉ። የዚያን ጊዜ እንኳ፣ ለቅሶው ላይ፣ አንድ ሰው ያችን ቀልድ ደገማት። እኔ ለተማሪዎች ስለ መድኃኒት ዕፅዋት አያያዝ ጽሑፍ ያቀረብኩት በዚያው ወር ነው። አናቱን ከአራት ጣት ሥር ጋር መመለስ የሚለውን ስናገር መምህሩ «ይህን ከየት አገኘሽው?» አለኝ። ከቤተሰብ አልኩት። ጥሩ ውጤት ሰጠኝ።

እና ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ግምጃ ቤት ገበያ ነበር፣ መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል። ምናሉ ተዳፋቱ ላይ ጠበቀኝ። ዛፎቹ ቅጠላቸው ነሐስ መስሎ ቆመው ነበር። ሲነኳቸው ይሰበራሉ።

«እህ፣ ምሁር። ምን እንትከል?»

ብዙ ነገር ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ቀበርቾ ራሱ ሊመለስ እንደሚችል፣ ዘር ካለባቸው ቦታዎች መልቀም እንደሚቻል፣ ለሥር እስኪደርስ ግን ዓመታት እንደሚፈልግ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ዓመታት» አለ። «ልጆቼ እስከዚያ ምን ይበላሉ?»

ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። ድካሙ መጣብኝና ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ እንዲሁ አወጣሁት።

«ምናሉ፣ ያኔ አያ ጨርሽው አላሉኝም። እኔ ነኝ በራሴ የጨረስኩት።»

ዞር ብሎም አላየኝም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«እንዴት?»

«አባባ እኮ በሕይወቱ ጨርሱ ብሎ አያውቅም። ጠላ እንኳ ጥቂት ሳያስቀር አይጠጣም።» ደረቅ ቅርንጫፍ ሰበረ። «ደግሞ ዶማዬን አፈር እንዳለበት ነው የመለስሽው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ለምን ሳቅህባቸው?»

«መሬቱን ፈልጌው ነበር። አንች ነሽ ብል ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ፣ በሰው ጥፋት የጠፋ አለቀ አይባልም ይላሉ። አባባ ጨርሽው ብያለሁ ሲል ለእኔም ተመቸኝ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲቆጣኝ ስጠብቅ ኖሬ፣ የቀረኝ አንድ ሰው ይኸው እሱም ከእኔ እኩል ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። አያ አድማሱ ምናልባት ሁለታችንንም አይተውን ይሆናል፣ ማን በእርግጥ ያውቃል። እኔ የማውቀው እሳቸው የዚያን ቀን ደከመኝ ሲሉ አልደከማቸውም ነበር። ጥፋቱን ለእኛ ብለው ነው የወሰዱት፤ እኛ ደግሞ ሳናመነታ አሸከምናቸው።

«ነይ፣ ባለቤቴ ምሳ አቅርባለች» አለ ምናሉ። ተነሳሁ። ቁልቁል ስንወርድ ምን እንደሚተክል ድጋሚ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁም።